ቀድሞ የሚደርስ ደም

ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ የሚወስደው መንገድ በ130ኛው ኪሎ ሜትር ደብረ ብርሃን ይደርሳል፤ ጣርማ በር ላይ ዋሻውን አልፎ ወደ ደብረ ሲና ቁልቁል ይወርድና ሸዋ ሮቢት ላይ ቆላ ይገባል። ከዚያ በጀውሃ፣ በሰንበቴ፣ በአጣዬና በካራቆሬ አድርጎ ወደ ከሚሴና ኮምቦልቻ ያቀናል። ማጀቴ በዚህ በይፋት ምድር፣ በአንጾኪያና ገምዛ ወረዳ የምትገኝ ከተማ ናት። ለአካባቢው የሚቀርቡት ደም ባንኮች ደብረ ብርሃንና ደሴ ላይ ናቸው፤ በሁለቱ መካከል ያለው መንገድ 270 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ማጀቴም ከሁለቱም የራቀች ናት። የጤና ባለሙያዎች እንደሚያስተምሩት ከወሊድ በኋላ የሚፈስ ደም ካልቆመ ጤነኛ የነበረችን እናት በሁለት ሰዓት ውስጥ ሊገድላት ይችላል። በዚህ ሁለት ሰዓት ውስጥ ዘመድ መጥራት፣ መኪና መፈለግ፣ መንገድ መሄድ፣ ከዚያ በኋላ ደግሞ ደም ቀድቶ መመርመር አይቻልም። እናቲቱን የሚያድናት፣ እሷ ምጥ ሳይዛት በፊት አንድ የማታውቀው ሰው የሰጠው ደም ብቻ ነው።

ስለ ደም እጥረት ሲነገር ወቀሳው ብዙ ጊዜ ሕዝቡ ላይ ያርፋል፦ ግንዛቤ የለውም፣ ይፈራል፣ ለማያውቀው አይሰጥም ይባላል። በዚህ አልስማማም። የደም ባንክን ታሪክ ከመነሻው የተከተለ ሰው የሚያገኘው ሌላ ነገር ነው። ተቋሙ በአገራችን ከኖረበት ዘመን አብዛኛውን ያሳለፈው ሰውን በተሳሳተ ሰዓት በመጠየቅ ነው፤ ሕዝቡም በተጠየቀበት ሰዓት ሰጥቷል። የጎደለው ቸርነት አይደለም፤ አደጋ ሳይመጣ ሰውን በተራው የሚጠራ፣ ስሙን የሚያውቅና ቅርቡ ያለ አካል ነው። እንዲህ ያለውን አካል ደግሞ የይፋት ሰው ለሌላ ጉዳይ አቋቁሞ ሲጠቀምበት ኖሯል።

የኢትዮጵያ ቀይ መስቀል ማኅበር የተመሠረተው ሐምሌ 1 ቀን 1927 ዓ.ም. ነው፤ ጦርነት እያንዣበበ ስለነበር ገና ሳይጠና ነው ወደ ሥራ የገባው። ኅዳር 26 ቀን 1928 ዓ.ም. የጣሊያን አውሮፕላኖች ደሴን ሲደበድቡ የቆሰሉትን ለማከም ፋሻና ቢላዋ፣ ጥቂት ሐኪሞችም ነበሩ፤ የተቀመጠ ደም ግን አልነበረም። ይህ የኢትዮጵያ ብቻ ጉድለት አልነበረም። ካርል ላንድስታይነር የደም ዓይነቶችን እ.ኤ.አ. በ1901 ለይቶ ካሳወቀ በኋላም ለብዙ ዓመታት ደም የሚሰጠው ለጋሹ ከታማሚው አጠገብ ሆኖ ነበር። በጦር ሜዳ የተጠራቀመ ደም በሰፊው ማከፋፈል የተጀመረው ደሴ ከተደበደበች በኋላ በነበረው ዓመት በስፔን የእርስ በርስ ጦርነት ነው። «ደም ባንክ» የሚለውን ስም ያወጣውም በቺካጎ በርናርድ ፋንተስ የተባለ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1937 ነው። ከማቀዝቀዣው በፊት ግን ሌላ ነገር ተፈጥሮ ነበር፤ ለዚህ ጽሑፍ ዋናው እሱ ነው። እ.ኤ.አ. በ1921 ለንደን ውስጥ ፐርሲ ኦሊቨር የተባለ የቀይ መስቀል ሰው ከሆስፒታል ደም የሚሰጥ ሰው እንዲፈልግ በስልክ ተጠየቀ። ከዚያ በኋላ ፈቃደኞችን አስቀድሞ መመዝገብ ጀመረ፤ ስማቸውን፣ አድራሻቸውንና የደም ዓይነታቸውን በካርድ ጽፎ ቤቱ አስቀመጠና ሆስፒታል በደወለ ቁጥር ተረኛውን ይልክ ነበር። በዓለም የመጀመሪያው የተደራጀ የበጎ ፈቃድ ደም ልገሳ ከሕንፃና ከማቀዝቀዣ በፊት መዝገብ ነበር ማለት ነው።

በአገራችን የደም ባንክ አገልግሎት የተጀመረው በቀይ መስቀል ሥር፣ እ.ኤ.አ. በ1969 ነው። ደሙ ግን በአብዛኛው የሚገኘው በምትክ ነበር። አሠራሩ ቀላል ነው፦ ታማሚው ደም ያስፈልገዋል፤ አስታማሚው ወንድም፣ ባል ወይም ጎረቤት ይዞ ይመጣል፤ እነሱ ይሰጣሉ፤ ታማሚው ከባንኩ ይወስዳል። ዘመዱ ሲታመም ተሯሩጦ የማይሰጥ ጥቂት ስለሆነ ባንኩ ሰው ለማስተማር ብዙ መድከም አላስፈለገውም። ሥርዓቱ ወገን ለወገን ከመቆም ልማዳችን ጋር የሚስማማ ስለመሰለ ለአሥርተ ዓመታት ቆየ። በ2004 ዓ.ም. አገልግሎቱ ከቀይ መስቀል ወደ ጤና ጥበቃ ሚኒስቴር ሲዛወር በመላው አገሪቱ የነበሩት ደም ባንኮች ደርዘን ያህል ነበሩ፤ አብዛኛው ደምም የተገኘው ከምትክ ለጋሾች ነበር።

ምትክን ለመከላከል የሚቀርበው ክርክር ቀላል አይደለም፤ በቁም ነገር መመለስ አለበት። አንደኛው፣ ዘመድ ለዘመድ መስጠቱ ምን ነውር አለው የሚለው ነው። ነውር የለውም፤ ግን ዘመድ የሌለውስ? ከሩቅ አገር መጥቶ በሸዋ ሮቢት እርሻዎች በቀን ሥራ የሚያድር ወጣት፣ ከቆላ ወደ ደሴ ሆስፒታል ብቻዋን የተላከች ሴት፣ መንገድ ላይ መኪና የተገለበጠበት ሾፌር ማንን ይዘው ይምጡ? ሥርዓቱ ወገን ያለውን ይረዳል፤ ወገን የሌለውን ወደ ደላላ ይገፋዋል። በምትክ ስም ገንዘብ ተቀብሎ ደም መስጠት ምትክ በገነነባቸው አገሮች ሁሉ የታየው በዚህ ምክንያት ነው። ሁለተኛው ክርክር የበለጠ ይከብዳል፤ የሚያነሡትም የደም ሕክምና ምሁራን ራሳቸው ናቸው። ለመጀመሪያ ጊዜ በፈቃዱ የሚሰጥ ሰው ደም፣ ለዘመዱ ከሚሰጥ ሰው ደም የግድ ንጹሕ አይደለም ይላሉ። ልክ ናቸው። በእርግጥ ደኅንነቱ የተሻለው ደም ደጋግሞ የሚሰጥ ሰው ደም ነው፤ በየጊዜው ስለሚመረመር፣ ራሱንም ስለሚጠብቅ። ይህ ግን የምትክን ሥርዓት አያድነውም። ምትክ ሰውን ለአንድ ቀን ብቻ ይጠራዋል፤ ዘመዱ ሲድን ወይም ሲሞት ግንኙነቱ ይቋረጣል። አንድ ጊዜ ለዘመቻ ተሰልፎ ሁለተኛ የማይመለሰው በጎ ፈቃደኛም ከዚህ አይለይም። ስለዚህ መጠየቅ ያለበት ማን ሰጠ የሚለው ብቻ አይደለም፤ ማን ተመልሶ መጣ የሚለውም ነው።

ወደ በጎ ፈቃድ የተደረገው ጉዞ መጀመሪያ በውጭ ስምምነት፣ ቀጥሎም በፍርሃት ተገፍቷል። የዓለም ጤና ጉባኤ አገሮች ያለ ክፍያና በፈቃድ ላይ የቆመ የደም አገልግሎት እንዲያቋቁሙ ውሳኔ ያሳለፈው እ.ኤ.አ. በ1975 ነው። ከዚያ ኤች አይ ቪ መጣ፤ በደም ከረጢት ውስጥ ሞት ሊኖር እንደሚችል ዓለም ሁሉ ተረዳ። ዛሬ እያንዳንዱ ከረጢት ከኤች አይ ቪ፣ ከጉበት ቫይረስ ቢና ሲ እንዲሁም ከቂጥኝ ነጻ መሆኑ ይመረመራል። ከ2004 ዓ.ም. በኋላ ደም ባንኮች በየክልሉ ተስፋፉ፤ ተንቀሳቃሽ ቡድኖች በየትምህርት ቤቱና በየመሥሪያ ቤቱ ወጡ፤ በጎ ፈቃደኛውም ከዳር ወደ መሃል መጣ። ተቋሙ ዛሬ የኢትዮጵያ ደምና ሕብረ ሕዋስ ባንክ አገልግሎት ይባላል። ለውጡ ትልቅ ነው፤ ላባቸውን ያፈሰሱለት ባለሙያዎች ክብር ይገባቸዋል። ቢሆንም የዓለም ጤና ድርጅት ለመነሻ የሚጠቀምበት ስሌት ከሕዝቡ 1 በመቶ የሚሆን ከረጢት በዓመት ያስፈልጋል ይላል፤ ለእኛ ይህ ከአንድ ሚሊዮን በላይ ነው። የሚሰበሰበው ከግማሹ በታች ነው። በወሊድ ምክንያት የሚሞቱ እናቶች ቁጥር በ1992 ዓ.ም. ከነበረበት ከ100,000 ሕያው ወሊድ 871፣ በ2008 ዓ.ም. ወደ 412 መውረዱን አገር አቀፍ ጥናቶች አሳይተዋል። ከቀሩት ሞቶች መካከል ግንባር ቀደሙ ምክንያት የደም መፍሰስ ነው።

አዲሱ ሥርዓት የተደገፈው በዋናነት በተማሪ ነው። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ ተማሪ በአንድ ግቢ ተሰብስቦ ይገኛል፣ ወጣትና ጤነኛ ነው፣ ሲነገረው ይሰማል። ነገር ግን ትምህርት ቤት ክረምት ይዘጋል፤ በሽታ ግን ክረምት አያውቅም። በይፋት ቆላ ደግሞ ነገሩ ይበልጥ ይከብዳል። የዓለም የደም ለጋሾች ቀን የሚከበረው በላንድስታይነር ልደት ሰኔ 7 ነው፤ በየቦታው ሰልፍና ከረጢት የሚበዛውም ያኔ ነው። ማቆያ ፈሳሽ የተቀላቀለበት ደም በተለመደው አሠራር ከ2 እስከ 6 ዲግሪ ሴልሺየስ ተቀምጦ የሚቆየው 35 ቀን ነው። ሰኔ 7 የተሰጠ ደም ሐምሌ 12 ዕድሜው ያበቃል። ወባ በሸዋ ሮቢትና በአጣዬ አካባቢ የሚበረታው ግን ዝናቡ ሲያባራ፣ ከመስከረም እስከ ኅዳር ነው። ወባ ደሙን የጨረሰበት ሕፃን ሆስፒታል የሚደርሰው የሰኔው ደም ካለቀ፣ ተማሪውም ገና ተመልሶ ሳይረጋጋ ነው። ይባስ ብሎ ወባ ታሞ የዳነ ሰው ለተወሰነ ጊዜ እንዳይሰጥ ስለሚደረግ፣ ቆላው ደም በሚያስፈልገው ወቅት ለጋሾቹንም ያጣል። ያን ጊዜ ከደጋው መታገዝ አለበት። የጾም ወራት አሉ፤ ረመዳንም አለ፤ የማሽላና የማሾ አጨዳም አለ። እነዚህን ሁሉ ከግምት ያላስገባ የማሰባሰቢያ ፕሮግራም ለይፋት አይበጅም።

የዘመቻ ልገሳም ተመሳሳይ ችግር አለበት። በ2013 ዓ.ም. የሰሜኑ ጦርነት ሲጀመር በመላው አገሪቱ ሰው ለሠራዊቱ ደም ሊሰጥ ተሰለፈ፤ ክንዱን ያልዘረጋ መሥሪያ ቤት ጥቂት ነበር። ሕዝቡ አይሰጥም የሚለውን ክስ ውድቅ ለማድረግ ይህ ብቻ ይበቃል። ግን በአንድ ሳምንት የጎረፈ ደም ከ35 ቀን በኋላ አይገኝም፤ በዚያ ሳምንት የሰጠ ሰውም ለሦስት ወር አይሰጥም። ጎርፍና ድርቅ ይፈራረቃሉ። በ2014 ዓ.ም. ጥቅምት መጨረሻ ደሴ ጦርነቱ ውስጥ ገብታ፣ ኅዳር ላይ ጦርነቱ ሸዋ ሮቢት ሲደርስ፣ ይፋት ከሰሜን በኩል ይጠብቀው የነበረው በር ተዘጋበት። መንገድ ሲቆረጥ ሩቅ ባለ ባንክ መታመን ምን ያህል አደገኛ እንደሆነ ከዚህ የበለጠ ማስረጃ አያስፈልግም።

እንግዲህ የይፋት ሰው ለሌላ ጉዳይ ወዳቋቋመው አካል፣ ወደ ቅሬው እንምጣ። ሌላው አገር እድር የሚለውን በወሎና በይፋት ቅሬ ይሉታል፤ ክርስቲያንም ሙስሊምም አለው፣ በብዙ ቦታም ሁለቱ በአንድ ቅሬ ይተዳደራሉ። ሰው ሲሞት ጡሩምባ ይነፋል፤ አባሉ እንጨት ይዞ፣ ቆፋሪው አካፋ ይዞ ይወጣል፤ የለቅሶው ቤት አይራብም። የቅሬና የእድር ጥበቡ ግን ጡሩምባው አይደለም፤ መዝገቡና መዋጮው ነው። ሰው የሚከፍለው ቤቱ ሐዘን ሳይገባ፣ ለማን እንደሚደርስ ሳያውቅ ነው። ዛሬ ለጎረቤቱ የዋለው ነገ ለእሱ ይሆናል፤ ማን እንደሚቀድም ማንም አያውቅም፤ ሒሳቡንም ማንም አይቆጥርም። ምትክ ለጋሽ ሬሳ ከወጣ በኋላ እንጨት ፍለጋ እንደሚሮጥ ሰው ነው፤ በጎ ፈቃደኛው ወርኃዊ መዋጮውን አስቀድሞ ያስገባ አባል ነው። «ሳይርቅ በቅርቡ፣ ሳይደርቅ በእርጥቡ» የሚለውን ሕዝባችን በእድርና በቅሬ ከተረዳው ቆይቷል። ደም ባንክ ለይፋት አዲስ ሐሳብ ማስተማር አያስፈልገውም ማለት ነው፤ ያለውን መዝገብ ቢያውቅ፣ ቢያከብርና ቢጠራው ይበቃዋል። 100 አባወራ ያለው ቅሬ በየሦስት ወሩ አሥር ሰው ብቻ ቢልክ በዓመት 40 ከረጢት ነው። ዕድሜያቸው ከ18 በላይ፣ ክብደታቸው ከ45 ኪሎ በላይ የሆኑ አሥር ጤነኞች ያልተገኙበት ቅሬ ቢኖር ጥቂት ነው።

እዚህ ላይ ከሁሉም የሚከብደው ተቃውሞ ይነሣል፦ ቅሬ ያስገድዳል። ለቅሶ የቀረ ይቀጣል፤ ደጋግሞ የቀረ ይባረራል፤ የተባረረ ሰው ደግሞ ቀባሪ የለውም። ይህ ጫና ወደ ደም ከገባ ፈቃድ የሚባለው ነገር ይጠፋል። በአደባባይ የተጠራ ሰው ምናልባት ሕመም እንዳለበት እያወቀ፣ ሰው ምን ይለኛል ብሎ ጠያቂውን ነርስ ሊዋሽ ይችላል፤ ከምትክ ሥርዓት ልናመልጥ የፈለግነውም ይህን ነው። ተቃውሞው ትክክል ስለሆነ መልሱ በአሠራሩ ውስጥ መግባት አለበት። ቅሬው መመዝገብ ያለበት መቅረብን እንጂ መስጠትን አይደለም። ተረኛው ይመጣል፣ ከባለሙያው ጋር ለብቻው ይነጋገራል፣ የደም ግፊቱና የደም ብረቱ ይታያል፤ ከዚያ ሰጥቶ ይወጣ ወይም ሳይሰጥ ይውጣ ማንም አያውቅም፣ ማንም አይጠይቅም። ነፍሰ ጡር፣ የምታጠባ፣ መድኃኒት ላይ ያለ፣ የፈራም ሁሉ በዚያው በር እኩል ይወጣል። ቅጣት የሚባል ነገር ከዚህ ጉዳይ ጨርሶ መራቅ አለበት። ይህን ሕግ የማይቀበል ቅሬ ካለ በእኔ እምነት አለመጠራቱ ይሻላል፤ በግዴታ የተገኘ ደም፣ ደም ከማጣት የባሰ አደጋ ያመጣልና።

ስለ ፍርሃቱም መናገር ይገባል። ገበሬው ጉልበቴ ይከዳኛል ሲል ማላገጥ ተገቢ አይደለም፤ ኑሮው ጉልበቱ ነው። የሚወሰደው ከአራት እስከ አምስት ሊትር ከሚሆነው ደሙ 450 ሚሊ ሊትር ያህል ነው። ፈሳሹ በአንድ ሁለት ቀን ይተካል፤ ቀይ ሕዋሱ ግን ሳምንታት ይፈልጋል። ስለዚህ በአጨዳ ሰሞን አልሰጥም የሚለው ገበሬ ልክ ነው፤ በሥራ ማብቂያ ይጠየቅ። ሌላው ደግሞ «የሰጠሁት ይሸጣል» የሚለው ጥርጣሬ ነው። ደሙ አይሸጥም፤ ከረጢቱ፣ ምርመራው፣ ማቀዝቀዣውና ባለሙያው ግን ወጪ አላቸው፤ ይህም በግልጽ ሊነገረው ይገባል። ጥርጣሬን የሚያጠፋው ስብከት አይደለም፣ መልስ ማምጣት ነው። ስዊድን ውስጥ ለጋሹ የሰጠው ደም ለታማሚ በዋለ ቀን አጭር የስልክ መልእክት ይደርሰዋል። ለቅሬ ደግሞ የቃል ሪፖርት ይበቃል፦ ካለፈው ተራ ከእናንተ ስምንት ከረጢት ተቀብለናል፣ ስድስቱ ለወላዶች፣ ሁለቱ ለሕፃናት ዋሉ ተብሎ በስብሰባው ላይ ይነገር። ገንዘቡን እስከ ሳንቲም የሚቆጣጠር ማኅበር ደሙን እንዲህ ባለ ሒሳብ ካልሆነ አያምንም፤ ባያምንም አይፈረድበትም።

በይፋት «ደም» የሚለው ቃል ሌላ ክብደትም አለው። ደም የተቃቡ ቤተሰቦች አይገናኙም፤ አንዱ መንገድ ሲሄድ ሌላው ይዞራል። በወሎና በይፋት አበጋሮች የሚከበሩት ይህን ደም በማድረቃቸው ነው፤ ገዳይና ሟች ወገንን አስታርቀው፣ ካሳውን አስከፍለው፣ ሰው ወደ ገበያው እንዲመለስ ያደርጋሉ። በመጋቢትና በሚያዝያ 2013 ዓ.ም. በአጣዬ፣ በካራቆሬ፣ በማጀቴና በሸዋ ሮቢት አካባቢ በግጭት የፈሰሰው ደም ገና ብዙ ቤት ውስጥ አልደረቀም፤ አጣዬ ስትቃጠል ሆስፒታሏም ተጎድቷል። በዚህ ምድር ላይ ስለ ደም ልገሳ ሲወራ ይህን ዘልሎ ማለፍ አይቻልም። የደም ከረጢት ላይ ቁጥርና የደም ዓይነት እንጂ ስም፣ ሃይማኖትና ብሔር አይጻፍም። ከማጀቴ የወጣው ከሚሴ ሊያድን፣ ከሚሴ የተሰጠው ማጀቴ ሊደርስ ይችላል፤ ሰጪውም ተቀባዩም አያውቁትም። ይህ እርቅን አይተካም፤ አበጋሮቹ የሚሠሩትን ሥራ ማቀዝቀዣ አይሠራውም። ግን ስለ ልገሳው ለሕዝቡ የሚናገር ሰው ከተፈለገ፣ ከከተማ ከሚመጣ ድምፅ ማጉያ ይልቅ ስለ ደም ሲናገር የሚደመጠው አበጋሩ ነው።

ሥራው ሲጀመር ብዙ አያስፈልግም፦ በአካባቢው ሆስፒታል ኃይል የማይቋረጥበት አንድ የደም ማቀዝቀዣ፣ ከደብረ ብርሃን ወይም ከደሴ በወር አንድ ጊዜ ወርዶ ሰብስቦ የሚመረምርና የተመረመረውን መልሶ የሚያመጣ ቡድን፣ የቅሬዎቹም ዝርዝር። ሰንበቴ ገበያ እሑድ ሲቆም አፋሩም፣ አርጎባውም፣ ኦሮሞውም፣ አማራውም እዚያ ነው፤ ቡድኑ የመጀመሪያ ድንኳኑን መትከል ያለበት እዚያ ነው። ክረምቱ ሲወጣ፣ ወባው ሊበረታ ሲል፣ ተራው ከደጋው ቅሬዎች ይጀምር። መስከረም 10 ቀን የተሰጠ ደም እስከ ጥቅምት 15 ያገለግላል፤ ሁለተኛው ቅሬ ተረኛ የሚሆነው ጥቅምት 10 ነው፤ ሦስተኛው ኅዳር 10።